ከኮረብታው ያልወረዱት

ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ሄደብንና ሻማ ልለኩስ ክብሪት ጫርኩ። የመጀመሪያዋ እንጨት ተሰበረች፤ ሁለተኛዋ ጭስስ ብላ ተያያዘች። ብርሃኑን ሳላየው ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። የድኝ ሽታ። ልጆቹ ግድግዳው ላይ በጣታቸው ጥላ ውሻና ወፍ ሲሠሩ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ ሄጃለሁ። ሰሜን ኢጣሊያ፣ ፒየሞንቴ፣ ላንጌ በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ሥር ባለ ምድር ቤት ቆሜ አንድ ሽማግሌ ባዶ በርሜል ሲያጥኑ አያለሁ።

የካቲት ነው፤ ከደጅ የተከመረው በረዶ በትንሿ መስኮት በኩል ነጭ ብርሃን ይልካል። ሽማግሌው ድኝ የተቀባ ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ በሽቦ ጫፍ ያንጠለጥላሉ፤ ይለኩሱታል፤ በበርሜሉ አፍ ወደ ውስጥ ሰደው ይወትፉታል። በስንጥቁ የምታመልጠው ጭስ ቀጭን ናት፤ ግን ዓይን ታስለቅሳለች። እናቴ የጠላ ጋን በወይራ ስታጥን እያየሁ ስላደግኩ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። እሳቸው ሲያጥኑ አይናገሩም። ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ አስጠግተው ይቆማሉ፤ በግራው አይሰሙም። ልጅ ሳሉ፣ በረዶ የጫነ ደመና ለመበተን ወደ ሰማይ የሚተኮስ ሮኬት አጠገባቸው ፈንድቶ ነው ይባላል። ስለዚህ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ከቀኛቸው ነው የሚቀመጠው።

ኖኖ እላቸው ነበር፣ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚሏቸው። ባለቤታቸውን ደግሞ ኖና። ቤቱ በሴራሉንጋና በሞንፎርቴ መካከል ባለው ተረተር ላይ ነው፤ ወይኑ ከበሩ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል።

ወደዚያ ያደረሰኝ የኪስ ባዶነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶሪኖ እማር ነበር (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የነፃ ትምህርቱ ገንዘብ ለኪራይና ለፓስታ እንኳ ወር አያደርስም። አብሮኝ የሚኖር አንድ የአስመራ ልጅ «ጥቅምት ላይ ኮረብታው ሰው ይፈልጋል። ምሳ ያበሉሃል፤ ማታ በእጅህ ይቆጥሩልሃል» አለኝ። በባቡር አልባ ወረድን። ከከተማው ስንወጣ አየሩ የተቆላ ለውዝ የመሰለ ሽታ ይዞ ተቀበለን። የፌሬሮ ፋብሪካ ነው፤ የዓለምን ልጅ ሁሉ ኑቴላ የሚያስልሰው። የዚያ አገር ሰው በዚያ ሽታ ዝናብ መምጣቱንና አለመምጣቱን እንደሚለይ የሰማሁት በኋላ ነው።

በላንጌ ጥቅምት ከጉም ይጀምራል። ሸለቆው ሁሉ ይዋጥና የየኮረብታው አናት ብቻ ከነግንቡ፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ብሎ ይታያል። ጠሉ ሳይደርቅ ዘለላ አይቆረጥም፤ ውሃ ጭማቂው ውስጥ መግባት የለበትም። ስለዚህ ጠዋት መቀስ ይዞ መጠበቅ ነው። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ ይገለጣል፤ ያኔ በምዕራብ በኩል የሞንቪሶ ተራራ፣ 3,841 ሜትሩ፣ በረዶውን ለብሶ ድንገት ይገተራል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሁሉም ወደ ረድፉ ይገባል።

የቅጠሉን ቀለም አይቶ የት ምን እንደተተከለ መለየትን ያስተማሩኝ ኖና ናቸው። ባርቤራ የሚባለው ወይን ሲከርም ይቀላል፤ ነቢዮሎ የሚባለው ቢጫ ይሆናል። ነቢዮሎ ግትር ተክል ነው። ከሁሉ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ከሁሉ ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ የሚያዝያ ውርጭም የጥቅምት ዝናብም ሲሳዩ ነው። ዶልቼቶው ተለቅሞ፣ ባርቤራው ተለቅሞ፣ እሱ ገና ሐረጉ ላይ ነው። ዘለላው ረጅም ሆኖ ከትከሻው ላይ ትንሽ ክንፍ መሳይ ሌላ ዘለላ አለው። ፍሬውን የሸፈነው ሰማያዊ አቧራ በጣት ሲነካ ይለቅና ከሥሩ ጥቁር ቆዳ ይወጣል። ግራ እጅህን ከሥር ትዘረጋለህ፣ በቀኝህ አንገቱን ትቆርጣለህ፣ ዘለላው መዳፍህ ላይ ይወድቃል። መቀሱ የሚቆርጠው ግን አንገቱን ብቻ አይደለም። እስከ ምሳ ድረስ የሁላችንም ግራ ጠቋሚ ጣት በጨርቅ ታስሯል፤ ተርቡ ደግሞ በስኳሩ ላይ ያርፋል፣ በጣቱም ላይ ያርፋል። ሣጥኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ የሚታወቅህ እሱን ስትሸከም ነው።

በጥቅምት አንድ አጥንት እንደሚባለው ኖናም ምሳ ላይ አይቆጥቡም። ትልቅ ድስት፣ በወይን የተቀቀለ የበሬ ሥጋ፣ እላዩ ላይ ፖሌንታ የሚሉት ቢጫ የበቆሎ ገንፎ። ገንፎውን ኖኖ አይነኩትም። ፖሌንታ ቀርቦላቸው አንድ ማንኪያ ሲያነሡ ያየሁበት ቀን የለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ልጃቸው ሳቀ። «ለሃያ ዓመት ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም እሱን በልተው ነው» አለኝ።

ኖና የተለየ ዕቃ ነበራቸው። ከምድጃው በላይ በክር የተሰካ ቀይ በርበሬ ተንጠልጥሏል፤ ከቤቱ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው የሚበሉት። ፒየሞንቴ በርበሬ አትወድም። መጀመሪያ ቀን እኔ እጄን ስሰድ አይተው ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፉልኝ። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ ሚጥሚጣ ሲላክልኝ ግማሹ የእሳቸው ነው። ከካላብሪያ ነው የመጡት፤ ከጫማው ጫፍ ከሩቁ ደቡብ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የላንጌ ሴት ልጆች የገበሬ ሚስት አንሆንም ብለው ወደ ከተማ ሲወርዱ ኮረብታው ላይ ሚስት የሌለው ወንድ ሞላ። ያኔ ደላሎች ተነሡ። የሰሜኑን ወንድ ፎቶ ወደ ደቡብ፣ የደቡቧን ልጅ ፎቶ ወደ ሰሜን እያመላለሱ ያጋቡ ጀመር። ኑቶ ሬቬሊ የሚባል የኩኔዮ ጸሐፊ እነዚህን ሴቶች በየመንደሩ እየዞረ በቴፕ ቀድቶ በ1985 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቷቸዋል። ኖና ከመጽሐፉ ውስጥ የሉም። ታሪኩ ግን የእሳቸው ነው፦ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ የፈጀ ባቡር፣ ሲወርዱ ጉም። «ባሌ ይሄ ነው የተባልኩት ሰው ፊቱ አይታየኝም» ይላሉ። «ድምፁን ሰምቼ ነው የተከተልኩት።» የመንደሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ ሲያወራ እሳቸው አይሰሙም፤ እሳቸው ሲያወሩ ሌላው አይሰማም። እኔ በተሰባበረ ጣልያንኛዬ ወደዚያ ቤት ስገባ ከሁሉ ቀድመው ቃል ያቀበሉኝ በዚህ ይመስለኛል።

የፌሬሮን አውቶቡስም ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ፋብሪካው ገበሬውን ከኮረብታው አውርዶ ከተማ ከማስፈር ይልቅ ጠዋት አውቶቡስ ወደየመንደሩ ይልክና ማታ ይመልሰዋል። ኖና በዚያ አውቶቡስ ዓመታት ተመላልሰዋል። ወይኑን የገደለው ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ያዳነው ይመስለኛል። በቸኮላት ደመወዝ ነበር የወይኑ ዕዳ የሚከፈለው።

ከምግብ ጠረጴዛው በስተጀርባ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የቡሽ ባርኔጣ የደፋ፣ የበቅሎ ልጓም የያዘ ወጣት። ከሰውየው በፊት ያወቅኩት ከኋላው ያለውን ተራራ ነው፤ አናቱ በቢላ የተቆረጠ አምባ። የእኛ አገር መሬት ከየትም ቢያዩት አይሳትም። ኖኖ ዓይኔን ተከትለው «የአባቴ ወንድም ነው» አሉ። «በ1936 አገራችሁ ነበር፤ በቅሎ ጎታች። ማይጨው ደርሷል።» ከዚያ ተመልሶ ሁለት ሦስት ዓመት ወይን ሲገርዝ እንደገና ተጠራ። ከኩኔዮ አውራጃ የተመለመሉት አልፒኒ የሚባሉት የተራራ ወታደሮች፣ የኩኔንሴ ክፍለ ጦር፣ በጥር 1943 ከዶን ወንዝ ሲያፈገፍጉ በሩሲያ በረዶ ውስጥ አለቁ። በዚያ አገር አንድ ሰው ያልቀረበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አጎትየውም እዚያው ቀረ።

የእኔ አያት ወንድም ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ያን ቀን ለኖኖ አልነገርኳቸውም። ፎቶው ሥር ተቀምጬ ሥጋውን በላሁ።

የነገርኳቸው ጥር ላይ ስንገርዝ ነው። ለቀማው ካለቀ በኋላም እሁድ እሁድ መሄድ ለምጄ ነበር፤ ገንዘብ አይደለም ያመላለሰኝ፣ የኖና ምድጃና የኖኖ ዝምታ ነው። ክረምት ላይ ኮረብታው ይራቆታል። ረድፉ ሁሉ ጥቁር ግንድና ሽቦ ብቻ ሆኖ በረዶው ላይ ይሰመራል። በረዶ ቀድሞ የሚቀልጥበትን ቁልቁለት አሳዩኝ። ከሁሉ የበለጠ ወይን የሚበቅለው እዚያ ነው፤ ቀድሞ ያወቁት መሬት ለክተው ሳይሆን ጥር ላይ በረዶውን አይተው ነው። አገራረዙ ጭካኔ ይጠይቃል። ካለፈው ዓመት ሐረግ አንዷን ረጅም ዘንግ ከነጥቂት ዓይኗ ታስቀራለህ፤ የቀረው ሁሉ ይቆረጣል። ከዚያ የቀረችውን ዘንግ አጉብጠህ ከሽቦው ጋር በአኻያ ልጥ ታስራለህ። ሌሎች ፕላስቲክ ገመድ ይጠቀማሉ፤ ኖኖ አኻያውን በራሳቸው ቆርጠው፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ይመጣሉ። ጠምዝዘው ጫፉን የሚወትፉበት የእጅ ስልት በዓይን አይያዝም።

ነገርኳቸው። ቀኝ ጆሯቸው ወደ እኔ ነበር። ረድፉን እስኪጨርሱ አልመለሱልኝም። መጨረሻ ላይ መቀሱን ዘግተው «እነዚያ ልጆች ሁለቱም ሂዱ የተባሉ ናቸው» አሉ። «የእኔን ማንም ሂድ አላለውም፤ አገሩ ተወርሮበት ነው» አልኳቸው። አሰቡበት። «ልክ ነህ» አሉ። «የእኛ ነው የተላከው።» ቀጣዩን ረድፍ ጀመርን። ብዙ ጣልያን ስለዚያ ጦርነት ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ መንገድ ሠራንላችሁ የሚልም አላጣሁም። ከእነዚያ ሁሉ ይህችን አጭር መልስ እወስዳለሁ።

መጋቢት ላይ የተገረዘው ጫፍ ሁሉ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ሥሩ ሞቆት ውሃ ወደ ላይ ሲልክ ነው፤ ጠብታው ፀሐይ ላይ ያበራል። ወይኑ አለቀሰ ይላሉ፤ እንባውን ዓይናቸው ላይ የሚቀቡ አሮጊቶችም ነበሩ። ሚያዝያ ፍርሃት ነው፤ ያቆጠቆጠውን ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ አበባው ይመጣል፤ አበባ ለማለት ይከብዳል፣ ጎንበስ ብሎ የፈለገው ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ ሰኔ፣ እንደገና ድኝ። በዚህ ጊዜ ዱቄት ሆኖ፣ ሻጋታ እንዳይዘው ቅጠሉ ላይ ይበተናል። ላብ ላይ ያርፍና ያቃጥላል፤ ማታ ስትታጠብ ውሃው ቢጫ ሆኖ ይወርዳል። መዳብና ኖራ የተቀላቀለበት ርጭት ደግሞ ሰማያዊ ነው። የቤቱ ጥግ፣ የውሃው ገንዳ፣ የኖኖ ባርኔጣ ጠርዝ፣ ሁሉም ያንን ሰማያዊ ጠጥቷል።

በ2002 ለቀማው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በረዶ ወረደ። እኔ ስደርስ በማግስቱ ነው። መሬቱ ላይ ቅጠልና ፍሬ ተደባልቆ ረግፏል፤ ሐረጉ ልጡ ተልጦ ነጭ እንጨቱ ይታያል። ገና ያልበሰለ፣ የተፈረከሰ ፍሬ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ሽታ ያሸተተ አይረሳውም፤ ኮምጣጣ ነው፣ ሣር ሣርም ይላል። ልጃቸው በስልክ ከኢንሹራንስ ጋር ይጮሃል። ኖና ወጥተው ጥቂት ዘለላ በሽርጣቸው ይሰበስባሉ። ኖኖ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የአኻያ ልጥ ይልጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት የአውሮፓ ሙቀት መጣ፤ ፍሬው ሐረጉ ላይ እያለ ዘቢብ ሆነ። በዚያ ዓመት ኖኖ ለቀማው ነሐሴ ላይ መጠራቱን አላመኑም። የቀን መቁጠሪያውን አዙረው ጀርባውን አዩት።

ስለ ዘቢብ ካነሣሁ አይቀር፣ በልጅነቴ ዲቁና ተቀብዬ ነበርና አንድ ቀን ኖኖ «እናንተ አገር ለቅዳሴ ወይኑን ከየት ታመጣላችሁ?» አሉኝ። ዘቢቡ ታጥቦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእጅ ታሽቶ እንደሚጨመቅ ነገርኳቸው።

«ከዚያስ ስንት ጊዜ ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም፤ ለዚያው ጠዋት ነው።»

ዝም አሉ። በእሳቸው አገር ባሮሎ የሚል ስም ለማግኘት ወይኑ ከ11 መንደሮች ነቢዮሎ ብቻ መጠመቅ አለበት። ከአንድ ሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ መልቀም አይፈቀድም። ከለቀማው በኋላ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። «ለዚያው ጠዋት» አሉ ደግመው፣ በቅናት ይሁን በአድናቆት አላወቅኩም። እኔ በመጨረሻው ጥቅምቴ የለቀምኩት ዘለላ ጠርሙስ ገብቶ ሲሸጥ ተመርቄ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ትዳርም ይዤ ነበር።

ማታ ማታ ግን ትኩሱ ይቀመስ ነበር። በለቀማው ሳምንት ምድር ቤቱ ሌላ ነው። ጋኑ ውስጥ የሚፈላው ጭማቂ ይንተከተካል፤ ቆዳው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ወፍራም ቆብ ይሠራል። ጭማቂው ከሥር ተስቦ ከላይ እየፈሰሰበት ያንን ቆብ ያርሰዋል። መሬት ለመሬት የሚንሳፈፈው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ጎንበስ ያለውን ያፍነዋል። ስለዚህ ኖኖ ሻማ ሳያወርዱ ማንንም ወደ ጋኑ አያስገቡም፤ ሻማው ከጠፋ ሰውም ይጠፋል። ወይኑ ግን ጽጌረዳ ይሸታል፤ ከጽጌረዳው ሥር ሬንጅ። ገና የፈላ ነቢዮሎ ሲቀመስ ግን ድድን ጨምድዶ ምላስን ያደርቃል፤ ደስታ የለውም። ደስታው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ መጠበቅ ላልለመደ ሰው ይህ መጠጥ አይደለም።

አባትና ልጅ የሚጣሉት በዚያ ምድር ቤት ነው። ልጅየው ከፈረንሳይ የመጣ ትንንሽ አዲስ በርሜል ይፈልጋል፤ አሜሪካኖቹ የሚወዱት ለስላሳ፣ ቫኒላ ቫኒላ የሚል ወይን ነው። በ1983 ላ ሞራ መንደር ኤልዮ አልታሬ የሚባል ወጣት የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ ጥሏቸዋል። አባቱ ውርስ ነፈጉት። ያ ወሬ በየቤቱ ገብቶ የየአባቱን ቁልፍ አጥብቆታል። ኖኖም የበርሜሉን ጓዳ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነበር የሚያስሩት። ልጅየው ግን አንድ ነገር አሸነፋቸው። ነሐሴ ላይ ከሐረጉ ግማሹ ገና ያልበሰለ ዘለላ ተቆርጦ መሬት ይጣላል፤ የቀረው እንዲጣፍጥ። በዚያ ሳምንት ኖኖ ወደ ወይኑ አይወርዱም። በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፖሌንታ ሃያ ዓመት የበላ ሰው ፍሬ ሲጣል እንዲያይ መጠየቅ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በ1986፣ እኔ ሳልደርስ የሆነ፣ በወሬ የማውቀው ነገር አለ። ርካሽ ወይን ላይ ሜታኖል የጨመሩ ነጋዴዎች ከ20 ሰው በላይ ገደሉ። የላንጌ ወይን ሁሉ ተጠረጠረ፤ ንጹሑም ምድር ቤት ውስጥ ሳይሸጥ ከረመ። ኖና ደመወዛቸውን እየከፈሉ ቤቱን ያቆሙት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ጠማቂ ርካሽ ወይን መሸጥ የተወው፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋው ሽቅብ የወጣው።

በቅርቡ ተመልሼ ሄድኩ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ነበር፤ ለቀማ ላግዝ አስቤ። ሐረጉ ባዶ ነው። ለቀማው በመስከረም አልቋል፤ አሁን አሁን እንዲህ ነው አሉ። ኖኖ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ወገቡን ይታመማል፤ ቤቱን የያዘችው የልጅ ልጅ ናት፣ ድሮ በቸኮላት የተለወሰ እጇን ሱሪዬ ላይ የምትጠርግ። ወይን ጠመቃ በዩኒቨርሲቲ አጥንታለች። የበሬው ጋጣ መስታወት ለብሶ የቅምሻ አዳራሽ ሆኗል። በ2014 ዩኔስኮ የላንጌን ወይን ተክል የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። በባሮሎ ምርጥ ቁልቁለቶች የአንድ ሄክታር ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ አልፏል። ኖኖ በረዶ ቀድሞ የሚቀልጥበት ብለው ያሳዩኝ ቁልቁለት አሁን ጠርሙሱ ላይ ስሙ ተጽፎ ለብቻው ይሸጣል።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ አሮጌ መቀሶች፣ የአኻያ ቅርጫት፣ የእንጨት ጫማ ተሰቅለዋል። ሳያቸው ደስ አለኝ፤ ትንሽም ተናደድኩ። የእንጨቱ ጫማ ኖኖ የሚጠሉት ዕቃ ነበር። ድህነት ሲያልፍ ለጌጥ ይውላል፤ የእኛም አገር ባለሆቴል መሶብና አገልግል ሰቅሎ የለም? ፎቶው ግን የለም። የአጎትየውን ፎቶ የት አደረጋችሁት ብዬ ጠየቅኳት። «እንግዶች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው ያለው። አልፈረድኩባትም።

ማን እንደለቀመ ጠየቅኩ። ከመቄዶንያ፣ ከጋምቢያ፣ ከማሊ የመጡ ናቸው፤ በእኔ ጊዜ ተማሪና ጡረተኛ ነበር። እሷ በቀጥታ ትቀጥራለች፣ ለብዙዎች ግን የሚያቀርበው ደላላ ነው። ደላላው ከቀን ሒሳባቸው ለመኪናና ለፍራሽ ይቆርጣል፤ ከዚያ አንዳንዱ በወንዝ ዳር ድንኳን ያድራል። በጠርሙስ መቶ ዩሮ የሚሸጥ ወይን ያለበት አገር ይህን ማስቆም ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ኖና በምሳ ሰዓት ሳህን የሚያስቆጥሩ ሴት ነበሩ፤ አንድ ሰው ሳይበላ ድስቱ አይነሣም።

ኖና ዘጠናን ተጠግተዋል። አዳራሹ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሚጥሚጣውን አሸተው «ይኸኛው ደከም ያለ ነው» አሉኝ። ከሚላኖ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ከቀመሱ በኋላ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ «ድሮ እዚህ መኖር እንዴት ነበር፣ ኖና?» አለቻቸው፤ ስልኳን ደቅና።

«ልንሄድ ነበር» አሉ።

«የት?»

«ቶሪኖ። መኪና ፋብሪካ። እኔን ያጋባኝ ደላላ የነገረኝ ባልሽ ፋብሪካ ሊገባ ነው ብሎ ነው። በሬውን ልንሸጥ፣ ቤቱን ልንዘጋ፣ ሁሉ አልቆ ነበር። ሐኪሙ መረመረውና በግራ ጆሮህ አትሰማም፣ ማሽን ላይ አትቆምም አለው። በዚያው ቀን ተመለሰ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ያ ጆሮ ደህና ቢሆን ኖሮ አንድም ጠርሙስ እዚህ አልነበረም።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው አጨበጨበ። የልጅ ልጅ አራተኛውን ጠርሙስ ቡሽ እየነቀለች ስለ አፈሩ ማስረዳት ቀጠለች።

ኖና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ምኑ ነው ያሳቃቸው?»

«ቀልድ መስሏቸው ነው።»

«ቀልድ? የሐኪሙ ወረቀት እኮ አለኝ፤ ማኅተም ያለበት። አንቺ!» ብለው የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። «ከቁም ሣጥኑ የብስኩቱን ቆርቆሮ አምጪልኝ።»

«እሺ ኖና፣ እንግዶቹ ይክፈሉና።»